ዲግሪው መያዣ አይደለም

ኢቃማዬ፣ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ሙያዬ በዐረብኛ «ሳኢቅ ኻስ» ተብሎ ተጽፏል። የግል ሾፌር ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። አምስት ዓመት ስለ አፈር፣ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ድልድይ ተምሬ ዛሬ አል-ኾበር ውስጥ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚባል ሰፈር፣ ከአሠሪዎቼ ግቢ ጥግ ባለች አንድ ክፍል እኖራለሁ። ሾፌርነቴ አያሳፍረኝም፤ እንጀራዬ ነው፣ እናቴን የምጦርበት ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው።

ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ኤሲ ከፍቼ አቀዘቅዝና የቤቱን ሴት ልጅ ዳህራን ኮረብታ ላይ ወዳለው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ አደርሳታለሁ። ምህንድስና ነው የምትማረው። አንዳንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሆና በስልክ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ፈተና ስታወራ፣ ቃላቱ ገና ከአፏ ሳይወጡ አውቃቸዋለሁ። እኔም ተጨንቄባቸው ነበር፤ እኔም ሌሊት ተነሥቼ አጥንቻቸዋለሁ። እዚህ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለዜጋው ነፃ ነው፤ የሳይንስ ዘርፍ ለሚማር ደግሞ «ሙካፋአ» የሚሉት በወር 1,000 ሪያል አበል ይሰጠዋል። ይህን የማነሳው አገሬን ከነዳጅ አገር ጋር ላወዳድር አይደለም። ድሃ አገር ነን። የተማረ ሰው የተማረበትን ወጪ በከፊል ይመልስ መባሉን አልቃወምም። እኔን ያስተማረኝ ግብር የአባቴ ብቻ አልነበረም፤ አንድም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያላስገባው ጎረቤታችንም ከፍሎበታል። ሠርቼ ደመወዝ ስበላ ከደመወዜ መልስ ብባል እመልሳለሁ፤ ነገሩም ፍትሕ ነው።

የምቃወመው ዕዳው እስኪከፈል ዲግሪያችን በመያዣ መቀመጡን ነው። ይህንን ጮክ ብዬ እቃወማለሁ።

«ወጪ መጋራት» የምንለው ነገር የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ነው። ደንቡን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን ይሸከማል። አከፋፈሉ በግብር መልክ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ይዞ ገቢ ሲያገኝ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ስሙም የምሩቃን ግብር ነው። ግብር ደግሞ ከገቢ ላይ ይነሳል፤ ገቢ ከሌለው ሰው ግብር አይጠየቅም። እንዲህ ያለው አሠራር በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ከጀመረችው ወዲህ ነው። እዚያ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ተመራቂ ምንም አይከፍልም። ሥራ ያጣ ሰው ዕዳው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ለዚያ ዕዳ ተብሎ ግን ዲግሪውን የሚይዝበት የለም።

እኛ ጋ ከገቢ ላይ መሰብሰቡ አስቸጋሪ ሆነና አቋራጭ ተገኘ። ተመራቂው ቴምፖራሪ የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚፈልግ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰበትን ማስረጃ ያምጣ ይባላል። ማለትም ሥራ አግኝተህ ክፈል የተባለው ሰው ሥራ የሚያገኝበትን ወረቀት ለማግኘት አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠየቃል።

አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ነበር። ልጅ ሆኜ የማዳበሪያ ዕዳ የሚሰበሰብበት ወቅት ሲመጣ ቤታችን የሚነግሠውን ዝምታ አልረሳውም። አንድ ዓመት ዝናቡ ከዳንና አባቴ ዕዳውን በጊዜው መክፈል አቃተው። የመጡት ሰዎች ከብቱን በዓይናቸው መቁጠር ሲጀምሩ ጋቢውን አጣፍቶ ከደጅ ቆሞ፣ «ላሚቱን ውሰዱ፣ በጉን ውሰዱ፤ በሬዎቹን ከወሰዳችሁ ግን በምን አርሼ ልክፈላችሁ?» አላቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ሰዎቹ ተያዩ፤ በሬዎቹን ትተው ሄዱ። የመኸሩ እህል ሲገባ አባቴ ዕዳውን ከፈለ። አባቴ ያለውን የሚገነዘብ ሰው በአገራችን የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት ጠፋ? የተመራቂ በሬው ዲግሪው ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ቆልፎበት አርሰህ ክፈል የሚል አበዳሪ፣ የአራጣ አበዳሪ እንኳ፣ በእኛ አገር አይቼ አላውቅም።

የራሴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባሁት በ2003 ነው። አንድ ዶርም ውስጥ አራት ተደራራቢ አልጋ፣ ስምንት ተማሪ። ጠዋት ዳቦና ሻይ፤ ምሳና ራት ሚል ካርዳችንን ይዘን ተሰልፈን እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር። ሽሮው የሳህኑን ሥር ያሳይ ነበር። አንዳንዱ ተማሪ ካፌ መብላት ሲያቅተው «ኖን ካፌ» ይሆንና ብሩን በእጁ ተቀብሎ ከግቢ ውጭ ይበላል፤ በዚያች ብር ወሩን የሚዘልቅ ግን አላየሁም። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይመጣል። ፎቶግራፍ ትለጥፋለህ፣ የእናትህንና የአባትህን ስም፣ ወረዳህን፣ ቀበሌህን ትሞላለህ፣ ትፈርማለህ። እኔ አምስት ጊዜ ፈርሜያለሁ። ከአምስቱ በአንዱም ለአልጋው ስንት፣ ለሽሮው ስንት እንደታሰበብኝ አላነበብኩም። ማንበብ ይቻል እንደነበረም አላውቅም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላ ይገፉሃል፣ ካልፈረምክ ምዝገባ የለም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ተመርቄ አንድ የመንገድ ተቋራጭ ዘንድ በ3,800 ብር ተቀጠርኩ። ቴምፖራሪዬን አይተው ተቀበሉኝ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለወጪ መጋራት ተብሎ 380 ብር ይቆረጥብኝ ነበር። በየወሩ በደመወዝ ወረቀቴ ላይ አየዋለሁ፤ ደስም ይለኝ ነበር፣ ዕዳዬ እየቀለለ ነው ብዬ። አሥራ ስምንት ወር ተቆረጠ። 6,840 ብር። ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ተበተንን። ኋላ ሲጣራ በኔ ስም የገባ አንድም ብር አልተገኘም። ተቋራጩ የቆረጠውን አስገብቷል አላስገባም ብሎ የጠየቀ አካል አልነበረም። ዲግሪው ተይዟላ! መያዣ ያለው አበዳሪ ሂሳብ አያሳድድም። አሠሪን መከታተል፣ ደረሰኝ ማመሳከር፣ ያላስገባውን መክሰስ ድካም ነው። ልጁ አንድ ቀን ተቸግሮ ራሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ይቀላል።

ሌላ ሥራ ፈለግሁ። ማስታወቂያው ሁሉ «ኦሪጅናል ዲግሪ» ይላል። አንድ ቦታ ፈተናውን አልፌ፣ ቃለ መጠይቁን አልፌ፣ በመጨረሻው ቀን ኦሪጅናሉን አምጣ ተባልኩና ቀረሁ። ያን ጊዜ ዕዳውን ለመክፈል የቤተሰቤን ሁለት በሬ መሸጥ ነበረብኝ። አባቴ ያዳናቸውን በሬዎች እኔ ልሸጣቸው? አላደረግሁትም። በ2011 በሾፌር ቪዛ ወደዚህ መጣሁ።

ሳዑዲ ውስጥ ሙያ ማስለወጥ ይቻላል። መሐንዲስ ነኝ የሚል ሰው በሳዑዲ የመሐንዲሶች ምክር ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም ዲግሪው ያስፈልጋል፣ የተረጋገጠ ዲግሪ። በ2015 ዓ.ም. ቆረጥኩ። አሠሪዬን አስፈቅጄ ከደማም በባቡር 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሪያድ ኤምባሲ ሄድኩ፣ ለታናሽ ወንድሜ ውክልና ሰጠሁ። ውክልናው በሰው እጅ አዲስ አበባ ገባ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋገጠ። ወንድሜ ያንን ይዞ ወደ ተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሬጅስትራር ውስጥ ያገኘው መልስ ይህ ነው፤ «ከአምስቱ ዓመት ውል የተገኘው የሦስቱ ብቻ ነው። የሁለቱ ፋይል እስኪገኝ ድረስ ጠቅላላ ዕዳውን መናገር አንችልም።»

አስቡት። ያስፈረሙኝን ውል የጠፋባቸው እነሱ ናቸው። የሚቀጣው ግን ፈራሚው ነው። ልክፈል ስል ስንት እንደምከፍል የሚነግረኝ ጠፋ፤ ወረቀቴን ስጡኝ ስል ክፈል ይሉኛል። ወንድሜ ሰባት ጊዜ ተመላልሷል። እያንዳንዱ ምልልስ የአውቶቡስ፣ የአልጋ፣ የምግብ ወጪ አለው፤ ከነዚህ አንዱም የትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም። «ባለቤቱ ራሱ ቢመጣ ይሻላል» ያሉትም ጊዜ ነበር። ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ ፓስፖርቱም ኑሮውም አሠሪው ዘንድ ነው። ፋይሉ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ተገኘ። ጠቅላላ ዕዳ 29,400 ብር። የተቆረጠብኝ 6,840 አልተቀነሰም።

አሁን የምናገረውን የትምህርት ሚኒስቴርም የገቢዎች ሚኒስቴርም ሰዎች ልብ ብለው ይስሙኝ። ገንዘቡን የላክሁት በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ በ2016 መጨረሻ፣ መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶን አለፈ፤ 15 ብር ገደማ የነበረ አንድ ሪያል በላክሁበት ጊዜ 34 ብር ገብቶ ነበር። ወደ 2,000 ሪያል ይጠጋ የነበረ ዕዳ በአንድ ጊዜ ከ900 ሪያል በታች ወረደልኝ። የግማሽ ወር ደመወዜ። አሥር ዓመት የቆለፉብኝን በር በግማሽ ወር የሾፌር ደመወዝ ከፈትኩት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አንድ ዶርም አብሮኝ ያደረ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ አልተሰደደም። ወረዳ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ ልጆች ወልዶ፣ ስብሰባውንም ችግሩንም ችሎ አገሩን እያገለገለ ነው። የእሱ ዕዳ በምንዛሪ አልቀለለም። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ከብሩ ጋር ሲሮጡ እሱ ባለበት ቀርቷል። የተሻለ ሥራ ተወዳድሮ ለመግባት ኦሪጅናሉ ያስፈልገዋል፤ ኦሪጅናሉን ለማውጣት የተሻለ ሥራ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ይህ አሠራር የጠቀመው ማንን ነው? አገር ጥሎ የሄደው እኔ ወረቀቴን በርካሽ ገዛሁ፤ አገሩ ላይ የቀረው በውድ እንኳ አላገኘውም። አንድ አገር ወጣቱን ሂድ ለማለት ከዚህ የበለጠ ምን ዘዴ ይፈጥራል?

ከእኔ አጠገብ ያለ ቤት የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ማታ ማታ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ፣ እኔም መኪና ሳጥብ፣ ሦስት አራት ደቂቃ በር ላይ እናወራለን። ነርስ ናት። አራት ዓመት ተምራ የተመረቀች ነርስ። ኢቃማዋ ላይ «ዐሚላ መንዚሊያ» ይላል፣ የቤት ሠራተኛ። እዚህ ደማምና ኾበር ውስጥ ሆስፒታሉ ብዙ ነው፤ ከፊሊፒንስና ከህንድ የመጡ ነርሶች በነርስነት ተቀጥረው ይሠራሉ። እሷም ነርስ ለመሆን የሙያ ፈተናውን ማለፍ አለባት፣ ሰነዷም ዳታፍሎው በሚባለው ማጣሪያ በኩል ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መረጋገጥ አለበት። ፈተናውን አትፈራም፤ ማዳሟ ከተኛች በኋላ በስልኳ ስታጠና ታመሻለች። ወረቀቱ ነው የሌላት። ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል ነው፣ ያቺ እኔ የማደርሳት ልጅ ለመማሯ ብቻ የምታገኘውን ያህል። ከዚያ ላይ ለእናቷ መድኃኒት ትልካለች፣ ሁለት ወንድሞቿን ታስተምራለች።

ባለፈው ክረምት የአሠሪዎቿ ሽማግሌ አባት ሲወድቁ ደማቸውን ያቆመችው፣ የስኳራቸውን መጠን የለካችው፣ አምቡላንስ እስኪደርስ በጎናቸው ያስተኛቻቸው እሷ ናት። ቤተሰቡ አለቀሰ፣ አመሰገናት። በነጋታው መጥረጊያዋን ይዛ ደረጃውን ታጥብ ነበር። «ወንድሜ፣ ያንተ ወረቀት መጣ?» አለችኝ ከጥቂት ወራት በፊት። መጣ አልኳት። «እንዴት አድርገህ?» ብላ ቆሻሻውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከውክልናው ጀምሬ ነገርኳት። ሪያድ ለመሄድ የሚያስችል የዕረፍት ቀን የላትም። ዝም ብላ ሰማችኝና ከረጢቱን አንሥታ ሄደች።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚህች ሴት የሚፈልገው ምንድን ነው? ገንዘቡን ከሆነ ዲግሪዋን ይስጣት። ነርስ ሆና ብትቀጠር ከሦስትና ከአራት ወር ደመወዟ ዕዳዋን ጨርሳ፣ ለአገሯ የምትልከውን የውጭ ምንዛሪ ደግሞ እጥፍ ታደርገው ነበር።

«ዲግሪውን ካልያዝን ማን ይከፍላል?» ይሉናል። ይህንን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በ1995 ቢነገር ይገባኝ ነበር። ያን ጊዜ ዜጋውን የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም። ዛሬስ? ደመወዝተኛው ቲን ቁጥር አለው። ባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ይጠየቃል፤ አሻራችን፣ ዓይናችን፣ ፎቷችን በአንድ ቁጥር ተመዝግቧል። ከአንድ አስተማሪ ደመወዝ የሥራ ግብርና ጡረታ በየወሩ ሳይሳት የሚቆርጥ መንግሥት የወጪ መጋራቱን 10 በመቶ መቁረጥ የሚያቅተው ለምንድን ነው? የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ የተማሪ ብድርን ከደመወዝ ላይ ከግብሩ ጋር አብሮ ይወስዳል፤ ገቢው ከወለሉ በታች ከሆነ አይነካውም፣ የተወሰነ ዓመት ካለፈም ቀሪው ይሰረዛል። የእኛ ደንብም በወረቀት ላይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አስፈጻሚው ነው ከገቢው ትቶ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠው።

ደግሞም ወጪን በሥራ መመለስ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በትምህርታቸው መሐል ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ማሰማራት ጀመረ፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው አገለገሉ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አገሪቱ ልጆቿን አስተማረች፣ ልጆቿ የአገሪቱን ልጆች አስተማሩ። አውቶቡስ የማይደርስበት አውራጃ ትምህርት ቤት ገብተው የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ዛሬ በየገጠሩ ጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር አጥቶ ሳለ ሥራ ያጣው ተመራቂ ግን ቴምፖራሪውን በፕላስቲክ አድርጎ ቤተሰቡ ቤት ተቀምጧል። አንድ ዓመት አገልግለህ ዕዳህ ይሰረዝልህ የሚለው ሰው ቢገኝ ስንቱ በሩጫ ይሄድ ነበር።

አሁን ደግሞ ዕዳው ሊያብጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ጭማሪውን እደግፋለሁ፤ ዘግይቷል እንጂ አልበዛም። በ22 ብር ሦስት ጊዜ ሰው አይመገብም፣ ልጆቻችን ተርበው ነው የተማሩት። ጥያቄዬ ጭማሪው በማን ትከሻ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ደንቡ ምግብና መኝታ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው ይላል። እንግዲህ አስሉት፤ በቀን 100 ብር፣ በዓመት አሥር ወር፣ 30,000 ብር። በአራት ዓመት 120,000 ብር፣ የመኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሳይጨመር። በ22 ብሩ ዘመን ይኸው ስሌት 26,400 ነበር። በ2018 መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚያ ላይ 10 በመቶ ቢቆረጥ 1,150 ብር ነው። የሽሮውን ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር። ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ዲግሪውን ሳያይ!

በዚያ ላይ ከ2015ቱ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም እንዲከተሉት ታስቧል። ራስ ገዝ መሆን ገቢን ራስ መፈለግን ይጨምራል። የዩኒቨርሲቲዎችን ነፃነት እወዳለሁ፤ ከካድሬ እጅ መውጣታቸው ይበል የሚያሰኝ ነው። ገቢ ፍለጋው ግን ወዴት እንደሚያመራ እሰጋለሁ፣ ምክንያቱም ተማሪው እንደ ድርጅትና እንደ ነጋዴ ተደራድሮ ማምለጥ አይችልም። እጁ ላይ ያለው ብዕር ብቻ ነው። ፈርም ይሉታል፣ ይፈርማል።

የእህቴ ልጅ የ2016ቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለፉት አንዷ ናት። ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጦርነት መሐል፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ በመብራት መጥፋት፣ በሻማ አጥንታ ያለፈች ልጅ ናት። እንዲህ ያለችውን ልጅ አገር በእልልታ ነው መቀበል ያለባት። በዚህ ዓመት ሁለተኛ ዓመት ገባች። በቀደም በኢሞ ደወለችልኝ፤ የወጪ መጋራቱን ውል ፎቶ አንሥታ ልካልኝ ነበር። «አጎቴ፣ ባለፈው ዓመት ዝም ብዬ ነው የፈረምኩት። አሁን ሳየው ፈራሁ። ልፈርም?»

መኪናውን ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ጥላ ሥር አቁሜ፣ ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ አነበብኩት። ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ሳጥን ያው ነው። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ተገፍቼ የፈረምኩበት ቦታ፣ ከታች በስተቀኝ፣ ያው ነው።

ትፈርም እንጂ ምን ታድርግ። ካልፈረመች ምዝገባ የለም። ግን የነገርኳትን እዚህም እደግመዋለሁ፣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ከመፈረምሽ በፊት ለምግቡ ስንት፣ ለመኝታው ስንት፣ ለትምህርቱ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ሰልፉ ቢገፋሽም ጠይቂ፣ አንቺ ስትጠይቂ ከኋላሽ ያለችውም ትጠይቃለች። ኮፒውን ማኅተም አስደርገሽ ተቀበዪ። ሥራ ስትይዢ የተቆረጠብሽ ለመግባቱ በየዓመቱ ማስረጃ ጠይቂ።

«እሺ» አለችኝ። «ማኅተሙን ካልሰጡኝስ?»

ፎቶ አንሺው አልኳት፣ ከነፊርማሽ፣ ከነቀኑ። ለኔም ላኪልኝ። ስልኬ ውስጥ በመጨረሻ የተገኘውን የአምስት ዓመት ውሌን፣ የአሥራ ስምንት ወር የደመወዝ ወረቀቴንና የውክልናውን ፎቶ የማስቀምጥበት ፋይል አለ። የሷን ከዚያ አጠገብ ከፈትኩላት፤ ማታ የሁለተኛው ዓመት ውል ገባ። የመጀመሪያው ዓመት እስካሁን የለም። የፈረመችበትን ኮፒ አልሰጧትም ነበር።